በጅጅጋ በኩል ስለ ተስፋፋው የሶማሌ ዘፈንና ስለ ዘፋኞች ማኅበር

በሙዚቃ ሞያ የሚተዳደሩ ሰዎች ማኅበር የሚያቋቁሙት በሦስት ምክንያት ነው፤ ይኸውም ሥራን ለመከፋፈል፣ ዋጋን በአንድነት ለመወሰንና የተናቀን ስም ለማስከበር ነው። ሦስቱ ጉዳዮች ግን ሁልጊዜ አብረው አይፈጸሙም። ይህም በጅጅጋ፣ በአውበሬና በቶጎ ውጫሌ በኩል በተስፋፋው የሶማሌ ዘፈን ታሪክ በግልጥ ይታያል። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ገበይ የተባለው ረጅም ግጥም ያለ መሣሪያ የሚደረደር ሲሆን፣ ገጣሚውም እጅግ የተከበረ ሰው ነው። በመሣሪያ ታጅቦ ስለ ፍቅር መዝፈን ግን በብዙዎች ዘንድ እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። በደጋው አገር አዝማሪው እየተወደደ ሲናቅ እንደ ኖረ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1940ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ገደማ፣ የቦረማ አካባቢ ተወላጅና የጭነት መኪና ነጂ የነበረው ዐብዲ ደቅሲ፣ በቅጽል ስሙ ዐብዲ ሲኒሞ፣ ባልዎ የተባለውን አጭር የፍቅር ዘፈን አስጀመረ። ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው፤ ትርጓሜውም መከራ ማለት ነው። ዘፈኑ በጭብጨባና እንደ ከበሮ በሚመታ ባዶ የቤንዚን ቆርቆሮ ይታጀብ ነበር። ጅጅጋ እስከ 1948 ድረስ እንደ ሐርጌሳ ሁሉ በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር ስለ ነበረች፣ ባልዎ ከነጋዴዎች መኪና ጋር ከከተማ ወደ ከተማ ለመዛወር ብዙ አልተቸገረም።

የሃይማኖት መምህራን ዘፈኑን አጥብቀው ነቀፉት። ስሙ በመጕደፉም፣ አጫጭሮቹ ባልዎዎች እየተቀጣጠሉ ሲረዝሙ አዲሱ ዘፈን «ሄሎ» ተባለ። ዐብዱላሂ ቀርሼም ሶማሌዎች ከበን በሚሉት ዑድ አጀበው። ይሁን እንጂ ነቀፌታው አልቀረም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ድምፃቸው በሐርጌሳ ሬዲዮ ከተሰማው የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ የሆነችው ሻሚስ አቦከር፣ ጉዱዶ ዐርዎ በሚል ስም ተሸሽጋ መዝፈን ግድ ሆነባት።

በ1955 ወላሎ ሐርጌሳ፣ ማለት የሐርጌሳ ወንድማማቾች፣ የተባለው የዘፈንና የቲያትር ቡድን ተቋቋመ። በዚያው ዓመት ከጅጅጋ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የተዘረጋው የሐውድ የግጦሽ ምድር ከእንግሊዝ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተላልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፍቅሩ ዘፈን የፖለቲካ ቃል ተሸካሚ ሆነ፤ የሬዲዮንም ድምፅ ድንበር አያግደውም። ስለዚህ ቀድሞ ይነቀፍ የነበረው ዘፋኝ የሕዝብ አንደበት ተብሎ መከበር ጀመረ። ሥራውንና ዋጋውን የሚወስነው ግን እርሱ አልነበረም። ከ1960 በኋላ ብዙዎቹ ዘፋኞች ወደ መንግሥት ሬዲዮና ቲያትር ቤት ገቡ። በሞቃዲሾ በመንግሥት ሥር ይሠራ የነበረው ዋበሪ የተባለው ታላቅ ቡድንም መንግሥቱ በ1991 ሲፈርስ አባሎቹ ተበተኑ።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ታሪክ በአሜሪካ ጥቁር ሙዚቀኞች ዘንድ ይገኛል። የቺካጎ ጥቁር ሙዚቀኞች፣ ነጮቹ በማኅበራቸው ስላልተቀበሏቸው፣ በ1902 ቍጥር 208 የተባለውን የራሳቸውን የሠራተኛ ማኅበር አቋቋሙ። በ1910 ደግሞ ጄምስ ሪስ ዩሮፕ በኒው ዮርክ ክሌፍ ክለብን መሠረተ፤ ሙዚቀኛ የፈለገ ሰው ወደ ክለቡ ቤት መልእክት እየላከ ይዋዋል ነበር። የዘር ልዩነት ሕግ ሲሻር የቺካጎው ማኅበር በ1966 ከነጮቹ ጋር ተዋሐደ። የፊላደልፊያው ቍጥር 274 ግን፣ በውሕደቱ የራሳችንን አዳራሽና አስተዳደር እናጣለን ብሎ እንቢ በማለቱ፣ በ1971 ፈቃዱ ተነጠቀ። ቢሆንም አባሎቹ አስቀድመው በ1966 ያቋቋሙት ክለብ ከማኅበሩ መፍረስ በኋላ ጸንቶ ኖረ።

እንግዲህ በአሜሪካ ሙዚቀኛው ቤት ሠርቶ ክብርን ፈለገ፤ በጅጅጋ በኩል ግን ክብርን ያገኘው በሌላ ሰው ቤት ተጠግቶ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ዘፈን የሚሰበስብ ተማሪ ግጥሙን ብቻ መዝግቦ ሊመለስ አይገባውም። ለዘፋኙ ማን ይከፍለው እንደ ነበረ፣ ዑዱ የማን እንደ ነበረና በማን ቤት ይሰበሰቡ እንደ ነበረ፣ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ሳያልፉ ሊጠይቅ ይገባዋል።