ቤት ውስጥ የሚሠራም ሥራ ነው

ማለዳ ቦርሳዋን አንግታ ከቤት የምትወጣውን ሴት ያያት ሁሉ «ሠራተኛ ናት» ይላታል። በመኝታ ክፍሏ ጥግ ኮምፒዩተር አስቀምጣ እስከ እኩለ ሌሊት የምትደክመውን ግን «እሷማ ቤት ነው የምትውለው» ብሎ ያልፋታል። ዛሬ የምንመለከተው የዚህችን የሁለተኛዋን ሴት ሥራ ነው።

የሠርግ መጥሪያ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ የምግብ ቤት የዋጋ ዝርዝር፣ ብሮሸርና ባነር ሁሉ ንድፍ አውጪና ፎቶግራፍ አንሺ ይፈልጋሉ። ይህን ሙያ በግል የያዙ አንዲት የሁለት ልጆች እናት በአዲስ አበባ አሉ። ቀድሞ በማተሚያ ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር፤ ሁለተኛ ልጃቸውን ከወለዱ በኋላ ግን ሥራውን ወደ ቤታቸው አመጡት።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ነጋዴ 2,000 ብሮሸር አዘዟቸው። የስልኩን ቁጥር የነገሯቸው በቃል ነበር። ኅትመቱ ሲደርስ አንድ አሃዝ ተሳስቶ ተገኘ። ስሕተቱ የማን እንደ ሆነ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረ ሁሉም እንደገና ታተመ፤ ወጪውም ለልጃቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጡት ገንዘብ ተሸፈነ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ናሙናውን አንብቦ ሳይፈርምበት ሥራው ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም። ሳይጀመርም ግማሹ ክፍያ ይቀበላል።

ሙያው ራሱም ጥንቃቄ ይሻል። በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ደምቆ የሚታይ ቀለም በወረቀት ላይ ደብዝዞ ሊወጣ ይችላል፤ መስኮቱ በብርሃን ሲሠራ ማተሚያው ግን በአራት ቀለማት፣ ማለትም በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ይሠራልና። ጥራት ላለው ኅትመት ፎቶግራፉ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልገዋል። በዚህ ስሌት ኤ4 ገጽን የሚሞላ ሥዕል 2480 በ3508 ነጥብ መሆን አለበት። ደንበኛው በስልክ የላከው፣ በመንገድ መጠኑ የተቀነሰ ፎቶግራፍ ለዚህ አይበቃም። በጠርዙ ዙሪያ 3 ሚሊሜትር ያህል ትርፍ ካልተተወም ወረቀቱ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ብቅ ይላል። የአማርኛው ፊደል ወደ ቅርጽ ሳይቀየር ከተላከ ደግሞ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ባዶ ሣጥን ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ስለዚህ ለማስታወቂያ የሚነሣ ሰው ፈቃዱን በጽሑፍ ቢሰጥ መልካም ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የዋስትና ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቀጠረች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። በራሷ የሥራ ኃላፊነት ለደንበኛ የምትሠራ ሴት ግን በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። የወሊዷን፣ የሕመሟንና የዕረፍቷን ቀናት ራሷ ከዋጋዋ ውስጥ ካላስቀመጠች ማንም አያስቀምጥላትም። በመሆኑም ዋጋ ስትተምን ንድፉን ያወጣችበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከደንበኛ ጋር የተነጋገረችበትን፣ ያረመችበትንና ወደ ማተሚያ ቤት የተመላለሰችበትን ጭምር መቁጠር ይኖርባታል። «ለዘመድ ነው» ተብሎ በነፃ የሚሠራው መጥሪያም ከልጆቿ ሰዓት የተወሰደ መሆኑን አትዘንጋ።

የቤተሰቡ ድርሻ ቀላል አይደለም። ከላይ የጠቀስናቸው እናት ቤት ከባለቤታቸው ጋር ተመካክረው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት የሥራ ሰዓት አድርገዋል። በዚያ ጊዜ እንግዳ አይጠራም፤ ሕፃኑን አያቱ ይይዛሉ፤ ማታ ደግሞ ራት ማቅረቡ የአባት ተራ ነው። ትልቋ ልጃቸውም የእናቷ በር ሲዘጋ «እማዬ ሥራ ገብታለች» ማለትን ለምዳለች።

እናቶችና እህቶች፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ክብር የሚያገኘው በቅድሚያ ሠሪዋ ስታከብረው ነው። ሰዓቱን ወስኑ፤ ዋጋውን አስሉ፤ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉ። አባቶችም ብትሆኑ በሩ ተዘግቶ ስታዩ ከውስጥ ሠራተኛ እንዳለች አስቡ።