መዳብ መልክ ያለው አጭር ዊግ

ከሩቅ የመጣውን፣ ዘሩና ነገዱ ያልታወቀውን ሰው «ጠጉረ ልውጥ» ብለን የምንጠራ ሕዝቦች እንደ መሆናችን መጠን፣ በሕመም ምክንያት ጠጉሯ የረገፈባት ሴት በገዛ ቤቷ መስተዋት ፊት ቆማ ለራሷ ጠጉረ ልውጥ ብትሆንባት፣ ኀዘኗ ከንቱ ውዳሴን ከመሻት የመጣ ነው ሊባል አይገባም። ታላቅ እኅቴ ለካንሰር የሚሰጠውን መድኃኒት መውሰድ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት የጠጉሯን እኩሌታ በትራሷ ላይ ትታ ተነሣች፤ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባ ጥቂት ቀን ከሰነበተች በኋላም «ዊግ ልግዛ፤ አብረኸኝ ሂድ» አለችኝ። እኔም ስለዚህ ነገር አንዳች ዕውቀት ያልነበረኝ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የተማርሁትን፣ ይልቁንም እርሷ ስለ መረጠችው ስለ አጭሩ፣ ስለ ጥቅልሉና መዳብ ስለሚመስለው ዊግ ያወቅሁትን፣ ያው ጭንቀት ለደረሰባቸው ይጠቅም ዘንድ እጽፋለሁ።

በአዲስ አበባ የሴቶች ጠጉር ቤቶች «ዊግ» የሚለው ስም ከሹሩባ ጋር እየተገመደ የሚሠራውን ሰው ሠራሽ ጠጉር ጭምር ይጠቀልላል፤ እኔ የምናገረው ግን እንደ ቆብ በራስ ላይ ስለሚጠልቀው ነው። ጥበቡ እጅግ ጥንታዊ ነው። በግብፅ ፈርዖኖች ዘመን የሕንፃ ሥራ አለቃ የነበረው የካ ሚስት፣ መሪት የተባለችው እመቤት፣ ከሦስት ሺሕ ዓመት በላይ በመቃብሯ የተቀመጠላት የሰው ጠጉር ዊግ እ.ኤ.አ. በ1906 ተገኝቶ ዛሬ በኢጣሊያ አገር በቶሪኖ ቤተ መዘክር ይታያል። ለእኔ ነገር የበለጠ የሚቀርበው ግን ከቴብስ ተገኝቶ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የተቀመጠው ሌላው ዊግ ነው፤ ከላይ ፈካ ያለ ቡናማ ጥቅልል፣ ከሥሩ ጠቆር ያለ ጉንጉን ያለው ሲሆን፣ ጥቅልሉን ያን ያህል ዘመን በቅርጹ ያጸናው 2 እጅ የንብ ሰም ከ1 እጅ ሙጫ ጋር ተቀላቅሎ የተቀባው ቅባት ነው። ይህ ውሑድ በእሳት ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በለሰለሰበት ጊዜ ጠጉሩን እንደ ተጠቀለለ ይይዘዋል፣ ሲበርድም ይጠነክራል።

የዛሬው ሰው ሠራሽ ጠጉር ጥቅልል የሚሆነው በዚያው ሕግ ነው። ብዙው ሞዳክሪሊክ ከሚባል ነገር የሚፈተል ሲሆን፣ ስሙ በጠጉር ሠሪዎች ሁሉ አፍ ያለው ካኔካሎን እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በጃፓን አገር ሲሠራ የኖረ የዚሁ ወገን ነው። ጭረቱ በቀጭን ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ በሙቀትና በእንፋሎት ከተጠበሰ በኋላ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በኋላ ቢታጠብ፣ ቢጨመቅ፣ ሌሊቱን ተጣጥፎ ቢያድር፣ ሲደርቅ ወደ መጀመሪያው ጥቅልል ይመለሳል። ቀለሙም ጭረቱ ከመፈተሉ አስቀድሞ ከባሕርዩ ጋር የሚዋሐድ ስለሆነ ውሃና ሳሙና አያወጣውም።

የሰው ጠጉር ዊግ፣ በገበያው አነጋገር «ሂውማን ሄር»፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ የሚሸጥ ስለሆነ ገዢው ሁሉ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለዋል። አብዛኛው የሚሰበሰበው ከእስያ ነው፤ በደቡብ ሕንድ በቲሩማላ ቤተ መቅደስ ተሳላሚዎች ለስእለት የሚላጩት ጠጉር በጨረታ እየተሸጠ ወደ ፋብሪካዎች ይሄዳል። ይህም እ.ኤ.አ. በ2004 ታላቅ ሁከት አስነሥቶ ነበር፤ በኦርቶዶክስ አይሁድ ዘንድ ብዙ ባለትዳር ሴቶች ጠጉራቸውን በዊግ የሚሸፍኑ ናቸውና፣ ረቢ ዮሴፍ ሻሎም ኤልያሺቭ ያ የሕንድ ጠጉር ለባዕድ አምልኮ የቀረበ ነው ብለው ቢከለክሉ፣ በእስራኤልና በኒው ዮርክ ሴቶች ውድ ዊጎቻቸውን በአደባባይ አቃጠሉ። እኅቴ ይህን ስነግራት «የማላውቃት ሴት ስእለት በራሴ ላይ እንዲቀመጥ አልሻም» አለች፤ እኔም ነገሩን ከዚያ ወዲህ በቀላል አልመለከተውም።

ነገር ግን ከሃይማኖቱ ጉዳይ ሌላ የባሕርይ ምክንያት አለ። የሰው ጠጉር በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ዓሣ የተደራረበ ቅርፊት አለው፤ ቅርፊቱም ሁሉ ከሥር ወደ ጫፍ ያዘነበለ ነው። ሥሩና ጫፉ ሳይዘበራረቅ ተጠብቆ የተሠራው «ሬሚ» ይባላል፤ የተዘበራረቀው ግን ቅርፊቱ እርስ በርሱ እየተያያዘ ስለሚወሳሰብ፣ በአሲድ ተልጦ በሲሊኮን ተቀብቶ ለገበያ ይወጣል፤ ያ ልስላሴ በጥቂት እጥበት ሲለቅ ሸካራነቱ ይገለጣል። ከዚህም በላይ፣ ተጠቅልሎ በካስክ ብቻ የተተኮሰ የሰው ጠጉር ውሃ በነካው ቁጥር ጥቅልሉ ስለሚፈታ እንደገና መሥራት ያሻዋል። የታመመች ሴት ለዚህ ጉልበቱን ከየት ታመጣለች? ስለዚህ አጭርና ጥቅልል ለምትሻ ሴት ሰው ሠራሹ ይሻላታል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ስለ ረጅምና ስለ ዞማ ዊግ ብጠየቅ ፍርዴ ሌላ በሆነ ነበር፤ ረጅሙ ሰው ሠራሽ ጠጉር ከአንገትጌና ከሻሽ ጋር ሲፋተግ ማጅራት ላይ እንደ ተባዘተ ሱፍ ይሆናልና፤ አጭሩ ግን ከአንገትጌ በላይ ስለሚቀር ከዚህ መከራ ይድናል።

አሁን ወደ መዳቡ ልምጣ፤ በዚህ ምርጫዋ ብዙ ሰዎች ነቅፈዋታልና። «ይህ የፈረንጅ መልክ ነው» ያሏት ሁሉ የደቡብ ኦሞን የሐመር ሴቶች አላሰቧቸውም፤ እነርሱ ቀይ አፈርን ከቅቤ ጋር ለውሰው አጭሩን ጠጉራቸውን እየቀቡ በጣታቸው ሲያጠነጥኑት በፀሐይ ላይ የሚታየው መልክ ጥርት ያለ መዳብ ነው። ሂና የተቀባ ጥቁር ጠጉርም ብርሃን ሲያርፍበት ወደዚያው ያደላል። ከተፈጥሮ ቀይ ጠጉር ያለው ሰው በዓለም ከ100 አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ ስለዚህ መዳብ የሚመስል የሰው ጠጉር ዊግ ከሞላ ጎደል ሁሉ ጥቁሩ ቀለሙ በመድኃኒት ተገፎ ቀይ የተነከረ ነው፤ የቀይም ንክር ከቀለሞች ሁሉ ፈጥኖ የሚለቅ ነው። የስኮትላንድ ንግሥት ማርያም እ.ኤ.አ. በ1587 አንገቷ በተቀላ ጊዜ ሰያፊው ጠጉሯን ይዞ ቢያነሣ ቀይ ቡናማው ዊግ በእጁ ቀርቶ አጭርና ሽበታም ራሷ ከመሬት እንደ ወደቀ ይተረካል፤ እኅቴ ይህን ታሪክ ስትሰማ ያለችው «በመከራዋም ቀን ራሷን አሳምራ ወጣች» ብቻ ነበር።

ሻጮች ቀለሙን በቁጥር ያውቁታል፤ 1 ድፍን ጥቁር፣ 27 የማር መልክ፣ 33 ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ፣ 350 መዳብ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ የሚለዋወጥ ስለሆነ ዓይንን መተካት አይችልም። ዓይንም ቢሆን በሱቁ መብራት ሥር ይታለላል። ከአምፖሉ በታች ለስላሳ መዳብ የሆነው ዊግ ከደጅ ሲወጣ እንደ ብርቱካን የሚጮኽ፣ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያዘነብል ሆኖ አግኝተነዋል፤ ስለዚህ መስተዋቱን ይዞ እስከ ደጃፉ መውጣትን የማይፈቅድ ሻጭ ካለ እርሱን ትቶ መሄድ ነው። ለጠይም ፊትና ለጥቁር ቅንድብ የሚስማማው ከራስ ቅሉ አጠገብ ጥቂት ጣት ያህል ጥቁር ሥር ያለው፣ ወደ ጫፉ እየፈካ የሚሄድና በውስጡም ሁለት ሦስት ዓይነት መዳብ የተደባለቀበት ነው፤ ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ወጥ የሆነው የአሻንጉሊት ጠጉር ይመስላል።

በመርካቶ የገባንበት ሦስተኛው ሱቅ እንዲህ ያለው ነበረው። አሻሻጯ ልጅ «እትዬ፣ ይኼ መቶ በመቶ ሂውማን ሄር ነው፤ እንደ ልብዎ በካስክ ይተኮሳል» አለቻት፤ ዋጋውም እንደ ቃሏ ነበር። እኅቴ በመስተዋቱ ባየችው ነገር ደስ ብሏት ከፈለች። ማታ ከማጅራቱ ውስጥ ሦስት ጭረት በመቀስ ቆርጬ በሸክላ ሳሕን ላይ ክብሪት ለኰስሁባቸው፤ የሰው ጠጉር ቢሆን ኖሮ የተቃጠለ ቀንድ እየሸተተ በጣት ሲነካ የሚፈርስ አመድ በሆነ ነበር፤ እነዚህ ግን ተኰማትረው ቀለጡና እንደ ጤፍ ቅንጣት ያለ ጥቁር ድቡልቡል ሆነው ደረቁ። በማግሥቱ ብንመለስ ገንዘቡን የሚመልስ አልተገኘም። የታመመን ሰው በሐሰት ቃል ማስከፈል ከባድ ኃጢአት መሆኑን ዛሬም አምናለሁ፤ ቃሏንም ሰምተን በካስክ ብንተኩሰው ኖሮ ዊጉ በአንድ ቀን ጠፍቶ ነበር። ሆኖም በእውነተኛው ስሙና በእውነተኛው ዋጋው ቢቀርብልን ያንኑ እንመርጥ ነበር፤ ፈተናውን ግን ከመክፈል በፊት እንጂ በኋላ ማድረግ አይገባም።

ከጠጉሩ ይልቅ ብዙ ሰዓት ሊመረመር የሚገባው የማይታየው ውስጡ ነው። ዊጉን እንደ ካልሲ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል። በርካሹ ላይ ጠጉሩ በመኪና በጥብጣብ ላይ እየተሰፋ፣ ጥብጣቦቹም በየመካከላቸው አየር የሚያሳልፍ ክፍተት እየተተወ ተያይዘው ይታያሉ፤ በውዱ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ጭረት በስስ መረብ ላይ በእጅ ተቋጥሮ ይታያል። የእጁ ሥራ ትርፉ ጠጉሩ ሲከፈል የራስ ቅል የሚመስል መታየቱ ነው፤ ጥቅልል ጠጉር ግን መክፈያ መስመር የለውምና አናቱን ራሱ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ለዚህ የሚከፈለው ገንዘብ በጥቅልል ዊግ ላይ ከንቱ ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ስስ ዳንቴል ጠጉሯን ወደ ኋላ ለምትገፋ ሴት ይጠቅማል፤ ጥቅልሉ በግንባሯ ላይ ለሚወድቅላት ግን እርሱም ግድ አይደለም።

ልኩ ግን ለሁሉም ግድ ነው። በሜትር ከግንባር ጀምሮ ከጆሮ በላይ ዞሮ በማጅራት አጥንት ሥር አልፎ የሚመለሰው ዙሪያ በብዙዎች ሴቶች ዘንድ ከ55 እስከ 57 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ጠጉር የሌለው ራስ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ከማጅራቱ በሁለት ወገን ያሉት የሚጠብቁ ጥብጣቦችና መንጠቆዎቻቸው የጸኑ መሆናቸውን፣ በጆሮ ግንድ ላይ የሚያርፉትም ክንፎች እኩል መቀመጣቸውን ማየት ይገባል። ከዚያ በኋላ ራስን ዝቅ አድርጎ መነቅነቅ፣ ወዲያውም አንዱን ጥቅልል በቀስታ ስቦ መልቀቅ ነው፤ ወደ ቦታው የሚመለሰው መልካም ነው። የታመመ የራስ ቆዳ ስፌቱ እንደ እሾህ ይወጋዋልና ከሥሩ የምትጠልቅ ስስ የጥጥ ቆብ ታስፈልጋለች፤ ይህን የነገረን ሻጭ አልነበረም።

ከቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ጸሐፍት ተርቱልያኖስና ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ የሰው ጠጉር በራስ ላይ መድፋትን አጥብቀው ነቅፈዋል፤ ነቀፋቸውም በዘመናቸው በነበረው ትዕቢት ላይ ነበረ ብዬ አምናለሁ። እኅቴ የንስሐ አባቷን ብትጠይቃቸው «ልጄ፣ ነጠላሽን ከላይ ተከናንበሽ ነይ» ብቻ አሏት፤ እርሷም ዓመቱን ሙሉ ከቅዳሴ አልቀረችም።

አያያዙ አጭር ነው። በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሻምፖ ነክሮ ማውጣት፣ ሳያሹ በፎጣ መጫን፣ በጥላ ማድረቅ፣ እስኪደርቅም ድረስ ሚዶ አለማስነካት፣ ቅቤና ቅባት ፈጽሞ አለማስጠጋት ነው፤ ከ4 እስከ 6 ወር ዕለት ዕለት ያገለግላል። ሙቀት ግን ጠላቱ ነው። ጭረቱን የጠቀለለው እንፋሎት ራሱ መልሶ ያበላሸዋል፤ አንድ ቀን እኅቴ ምጣድ አጠገብ ጐንበስ ብላ አክንባሎውን ብታነሣ፣ ወደ ፊቷ የወጣው እንፋሎት የግንባሩን ጥቅልል በአንድ አፍታ አኰማትሮ አከረደደው። ያን ቦታ በመቀስ ቆርጬ አስተካከልሁላት፤ ከዚያ ወዲያም እንጀራ በጋገረች ቁጥር ዊጉን በተገለበጠ ማሰሮ ላይ አስቀምጣ ሻሽ ታስር ነበር።

መድኃኒቷን ጨርሳ ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ የገዛ ጠጉሯ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል በቀለ፤ እንደ ቀድሞው ሉጫ ሳይሆን ጥቅልል ሆኖ መጣ። ዊጉን አጥባ አደረቀችውና ለምርመራ ወደ ሕክምና ቤቱ በሄደችበት ቀን ይዛው ሄደች። በተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ ከጐኗ ለተቀመጠች ልጅ እግር ሴት ከሰጠቻት በኋላ፣ ገልብጣ የማጅራቱን መንጠቆ አሳየቻት፤ የልጅቱ ራስ ከእርሷ ያነሰ ነበርና ጥብጣቡን በሁለት ዓይን አጠበበችላት።