ዓሣና ጎመን በአንድ ውኃ፦ አኳፖኒክስ ለመንዝ ጓሮ

አኳፖኒክስ ዓሣንና አትክልትን በአንድ ውኃ የማሳደግ ዘዴ ነው። ዓሣው በገንዳ ይረባል፤ አትክልቱ አፈር በሌለበት የጠጠር መደብ ላይ ይበቅላል። ፓምፕ የዓሣውን ውኃ ወደ መደቡ ያወጣዋል፤ ሥሮቹ የሚፈልጉትን ወስደው ውኃው ተጣርቶ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ውኃው ስለማይደፋ በቀን የሚጎድለው ከመቶ ከ1 እስከ 3 እጅ ብቻ ነው። ይህም ለ500 ሊትር ገንዳ ከአንድ ጀሪካን ያነሰ ማለት ነው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ የቻይና ገበሬዎች በሩዝ ማሳቸው ውኃ ውስጥ ዓሣ ሲያረቡ ኖረዋል። የዛሬውን መልኩን ካስያዙት መካከል ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ጀምስ ራኮሲ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም በ2014 (እ.ኤ.አ.) ለአነስተኛ አምራቾች የሚሆን ሰፊ መመሪያ አሳትሟል። በአገራችን ከሆላንድ ጋር በተደረገ ትብብር በሐዋሳና በሸዋ ሮቢት በቤተሰብ ደረጃ ተሞክሯል።

ሸዋ ሮቢት የሰሜን ሸዋ ከተማ መሆኗ በጊሼ ወረዳ ላለው ለራቤል ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ዘዴው እዚሁ ዞን ደርሷል። ነገር ግን ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ ራቤል ደጋ ነው። ቆላ የተሠራውን እንዳለ ወደ ጊሼና ወደ መንዝ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ የደጋ ጀማሪ ዓሣ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ አንደኛው ከዓሣውና ከአትክልቱ ጋር ሦስተኛ የሆነው፣ በዓይን የማይታየው ሠራተኛ ነው፤ ሁለተኛው ብርድ ነው።

የማይታየው ሠራተኛ ባክቴሪያ ነው። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያ ከተጠራቀመ ዓሣውን ራሱን ይገድለዋል። በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ አንድ ዓይነት ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ይህም ገና መርዝ ነው። ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ዓሣውን ብዙም አይጎዳም፤ ለጎመኑ ደግሞ ዋና ምግቡ ነው። አኳፖኒክስ የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያረባው እንግዲህ እነዚህን ባክቴሪያዎች ነው። ጀማሪዎች ዓሣ የሚሞትባቸው ብዙ ጊዜ ገንዳው በተሞላ ማግስት ዓሣ ስለሚጨምሩ ነው።

ብርዱስ? በኢትዮጵያ በብዛት የሚረባው ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ ውኃው 27 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ደስ ይለዋል። ከ16 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ከዚያም በጣም ከቀዘቀዘ ይሞታል። ባክቴሪያዎቹም በብርድ ይዝላሉ። በጀማና በወንጭት ሸለቆ ያለ ቆለኛ ቆሮሶውን ያለ ብዙ ጭንቀት ሊያረባ ይችላል። ራቤል ላይ ግን የተሻለው ምርጫ ካርፕ ነው፤ የቆቃ ዓሣ አጥማጆች «ዱባ» የሚሉት። ካርፕም በሙቀት ነው የሚፋፋው፤ ሆኖም ቆሮሶን በሚገድል ብርድ ውስጥ ይቆያል። ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። በአንጻሩ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ የደጋ አየር ይስማማቸዋል። የደጋ አኳፖኒክስ ከዓሣው ይልቅ በአትክልቱ መታመን ያለበትም ለዚህ ነው።

ለጀማሪ የሚበቃው መጠን ይህ ነው፤ 500 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ለዓሣው፣ ለሁለት በቁመቱ የተሰነጠቀ ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ለአትክልቱ። ሁለቱ ግማሾች ሲደመሩ 1 ካሬ ሜትር ያህል መደብ ይሰጣሉ። በርሜሉ ዘይት ወይም ሌላ የሚበላ ነገር የነበረበት ይሁን፤ ኬሚካል የያዘ በርሜል በምንም ዓይነት እጥበት አይታመንም። ውኃ ሲሞላ ሮቶው ግማሽ ቶን ስለሚመዝን መሬቱ የተስተካከለና የተጠቀጠቀ መሆን አለበት። ከዚህ ያነሰ ገንዳ ርካሽ ይመስላል፤ ትንሽ ውኃ ግን ቀን ቶሎ ይሞቃል፣ ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ራቤል ላይ ሮቶውን እስከ ወገቡ መቅበር ይበጃል፤ መሬት ከሌሊቱ አየር ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ከመሬት በላይ ያለውን ጎኑን በገለባ ሸፍኖ በላስቲክ መጠቅለል፣ በነፋሱ በኩል የድንጋይ ካብ መሥራት፣ በላዩ ደግሞ የግሪን ሃውስ ላስቲክ መወጠር ያስፈልጋል። ክዳን ወይም ጠንካራ መረብ ግድ ነው፤ ዓሣውን ከአሞራ፣ ከሁሉም በላይ ሕፃናትን ከመስጠም አደጋ ይጠብቃል።

መደቦቹ ከገንዳው ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። በሰዓት 1000 ሊትር ያህል የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ውኃውን ያወጣል፤ በየመደቡ ታች በኩል ቀዳዳ ያላት የቆመች ቧንቧ ትተከላለች። ፓምፑ ሲሠራ ውኃው እስከ ቧንቧው አፍ ይሞላል፤ ሲቆም በታችኛዋ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ለ15 ደቂቃ ሠርቶ ለ45 ደቂቃ እንዲያርፍ በሰዓት መቆጣጠሪያ ቢታሰር፣ ሥሩ ውኃም አየርም በተራ ያገኛል። ከጠጠሩ አናት ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሁልጊዜ ደረቅ ይተዋል፤ ያለዚያ አረንጓዴ አልጌ ይወርሰዋል።

ጠጠሩ ራሱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። የመንዝ አምባ ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ተፈጭቶና ታጥቦ ጥሩ ይሆናል። ከጀማ ሸለቆ የሚወጣው የኖራ ድንጋይ ግን ቀስ በቀስ ሟሙቶ የውኃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያውን) ከፍ ያደርገዋል፤ ያኔ አትክልቱ ብረትና ሌሎች ማዕድናትን መውሰድ ያቅተዋል። መለየቱ ቀላል ነው፤ ድንጋዩ ላይ ጥቂት አቼቶ ይንጠባጠብበታል። ነጭ አረፋ እየፈላ ከወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝም ካለ ለመደቡ ይሆናል።

ሁሉ ሲገጣጠም ውኃ ይሞላል። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲበን ሁለት ቀን ፓምፑ እየሠራ ይቆያል። ከዚያ ዓሣ ሳይገባ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ መኖ ይጣልበታል፤ መኖው ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፤ ባክቴሪያዎቹ በዚያ ይራባሉ። በመለኪያ ሲታይ መጀመሪያ አሞኒያው ይወጣል፣ ቀጥሎ ናይትራይቱ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ወርደው ናይትሬቱ ብቻ ይቀራል። ዓሣ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በሞቃት ቦታ ይህ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይወስዳል፤ በብርድ ሁለት ወር ሊደርስ ይችላል። ከሚሠራ ሌላ አኳፖኒክስ አንድ ጆንያ ጠጠር ያገኘ ሰው እርሾ እንዳገኘ ጋጋሪ ነው፤ ጊዜው በብዙ ያጥርለታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ካለፈ በኋላ በየካቲት መጀመር ለባክቴሪያዎቹ የሞቁትን ወራት ይሰጣቸዋል።

የዓሣ ጫጩት ለማግኘትና ምክር ለመጠየቅ በሰበታ የሚገኘው ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልና የባሕር ዳሩ ማዕከል ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው። ጫጩቶቹ እንደመጡ ከነፌስታላቸው ገንዳው ላይ 15 ደቂቃ ያህል ይንሳፈፋሉ፤ የሁለቱ ውኃ ሙቀት ሲቀራረብ ይለቀቃሉ። ለ500 ሊትር የምግብና የእርሻ ድርጅቱ መመሪያ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ዓሣ ይፈቅዳል። ደጋ ላይ ግን ከታችኛው ልክ ባያልፉ ይመረጣል፤ በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ትንሽ የአየር ፓምፕ ቢጨመር፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ እንዲሠራ ቢደረግ ዓሣው ይተርፋል። መብራት በጠፋበት ሰዓት መኖ አይሰጥም።

የመኖው ልክ የሚሰላው በአትክልቱ ስፋት ነው፤ ለ1 ካሬ ሜትር ቅጠላ ቅጠል በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም። ዓሣዎቹ ትንሽ ሳሉ ከዚህ በታች ይሰጣል፤ ውኃው ሲቀዘቅዝም ይቀነሳል። ከኑግ ፋጉሎና ከስንዴ ፉርሽካ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ መኖ ወጪ ይቀንሳል፤ ሆኖም ቶሎ የሚበተን ከሆነ ውኃውን ያደፈርሳል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያልተበላው ወዲያው መውጣት አለበት።

ወራት ሲያልፉ ባክቴሪያዎቹ በሚሠሩት ሥራ ፒኤቹ እየወረደ ይሄዳል። ከ6 በታች እንዳይሄድ፣ ያ ከመደቡ የተከለከለው የኖራ ድንጋይ አሁን መድኃኒት ይሆናል፤ ጥቂቱ ተፈጭቶ በጨርቅ ከረጢት ገንዳው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ፒኤቹ ሲመለስ ይወጣል። አዲስ ቅጠል ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ቢጫ ከሆነ ብረት ጎድሎታል። ተባይ ቢመጣ በእጅ ይለቀማል፤ ለጎመን የተረጨ ፀረ ተባይ በዚያው ዕለት ዓሣው ዘንድ ይደርሳል።

አንድ ጥንቃቄ ለአካባቢው ሲባል ይጨመር። ካርፕ ከውጭ የመጣ ዓሣ ነው፤ ጭቃ እየቆፈረ ውኃ ያደፈርሳል። ከገንዳ የተረፈ ዓሣ ይበላል ወይም ለሌላ አርቢ ይሰጣል እንጂ ወደ ወንዝ አይለቀቅም።

ራቤል ላይ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ዓመት ግብ ዓሣ መሸጥ ባይሆን ይሻላል። የክረምቱን ጭጋግና የኅዳርን ውርጭ ተሻግሮ ሥርዓቱ በሕይወት ከቆየ፣ ከመደቡም ለቤተሰቡ ጎመንና ሰላጣ ከተቆረጠ፣ ያ በቂ ድል ነው። ለዚህ ከሮቶውና ከፓምፑ ጋር አንድ ደብተርና አንድ ቴርሞሜትር ይገዛ። በየጠዋቱ የውኃው ሙቀት፣ የተሰጠው መኖና የፒኤቹ መጠን ይጻፍ። በሁለተኛው ዓመት ገንዳውን ማስፋት ይገባ እንደሆነ የሚነግረው ያ ደብተር ነው፤ ጎረቤት ልጀምር ሲልም ከማንኛውም ከውጭ ከመጣ መመሪያ ይልቅ ለመንዝ ብርድ የሚሠራው እሱ ይሆናል።