የደም ማነስና ሴት ተማሪዎቻችን

ከዕረፍት በኋላ ራሷን ዴስኩ ላይ ጥላ የምታንቀላፋ ልጃገረድ በየትምህርት ቤቱ አትጠፋም። እኛ መምህራን ብዙውን ጊዜ «ሰነፍ ናት» እንላለን፤ እኔም ብያለሁ። ይሁን እንጂ ቶሎ የሚደክማት፣ ዳገት ስትወጣ ልቧ የሚመታና የታችኛው የዓይኗ ቆብ ውስጡ የገረጣ ከሆነ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ይህም በደም ምርመራ ይረጋገጣል። ከ12 ዓመት በላይ የሆነች፣ ያላረገዘች ልጅ በ1 ዴሲሊትር ደሟ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከ12 ግራም ካነሰ ደም አንሷታል ይባላል፤ በደጋ አገር መለኪያው ከዚህም ከፍ ይላል።

ሄሞግሎቢን ኦክሲጂንን ከሳንባ ወደ መላ ሰውነት የሚያደርስ ሲሆን ያለ ብረት አይሠራም። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሰውነቷ በፍጥነት ያድጋል፤ በየወሩም ደም ይፈሳታል። በ1 ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት አብሮ ይሄዳል። መንጠቆ ትልና ወባ ሲጨመሩ ጉዳቱ ይብሳል።

«ጤፍ ብረት ሞልቶት የለም ወይ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ጥያቄው መልካም ነው። ነገር ግን ከብረቱ ከፊሉ በአውድማ ላይ ከብት ሲያበራየው የተቀላቀለ የአፈር ብረት ነው፤ አንጀት በቀላሉ አይቀበለውም። የእህሉንም የራሱን ብረት ፊቲክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር አስሮ ያስቀረዋል። ሊጡ ሲቦካ ይህ አሲድ ስለሚቀንስ እንጀራ ካልቦካ ቂጣ ይሻላል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ብረቱን ያባክናል፤ ሎሚ፣ ብርቱካንና ዘይቱን ግን ቫይታሚን ሲ ስላላቸው ይረዳሉ። ከሽሮው ጎን የምትቀመጠው ጥሬ ቃሪያም ለማጣፈጫ ብቻ አይደለችም። የሥጋ ብረት ከሁሉ ይልቅ ይሰርጻል፤ ዳሩ ግን በስንቱ ቤት፣ በዓመት ስንት ቀን ይገኛል?

ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. የደም ማነስ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች የወር አበባ ለሚያዩ ልጃገረዶችና ሴቶች 60 ሚሊ ግራም ብረትና 2.8 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ በሳምንት 1 ጊዜ፣ 3 ወር እየተወሰደ 3 ወር እየታረፈ እንዲሰጥ መከረ። በሳምንት አንዴ ማነሱ አያስገርም፤ ብዙ ብረት በአንድ ጊዜ ሲገባ ሰውነት ለ1 ቀን ያህል ተጨማሪውን የመቀበል ኃይሉ ይቀንሳል። ይህ መጠን ለመከላከያ ነው። ደም እንዳነሳት በምርመራ የታወቀ ልጅ ሐኪም የሚያዝላትን ትወስዳለች።

ክኒኑ ሲታደል ትልቁ እንቅፋት ወሬ ነው። «የወሊድ መከላከያ ነው» ይባላል፤ አይደለም። ሰገራ ያጠቁራል፤ ይህ ጉዳት የለውም፤ አስቀድሞ ያልተነገራት ልጅ ግን ደንግጣ ሁለተኛውን ክኒን ትጥለዋለች። ካቅለሸለሻት ከምግብ በኋላ በውሃ ትዋጠው፤ ከሻይና ከቡናም ቢያንስ 1 ሰዓት ታርቀው። ክኒኑን ወደ ቤት የምትወስድ ከሆነም ታናናሾቿ በማይደርሱበት ታስቀምጠው። ብዙ የብረት ክኒን የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።