ላሊበላ የት ይበላል?

ለላሊበላ እንግዳ በቅድሚያ የሚነገረው ታሪክ የምግብ ታሪክ ነው። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ እንደ ከበበው፣ እናቱም ይህን አይታ «ላል ይበላል» እንዳለችው፣ ላል ማለትም በአገውኛ ማር እንደ ሆነ ይተረካል። ይህን የሰማ መንገደኛ አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከቤተ መድኃኔ ዓለም እስከ ቤተ ጊዮርጊስ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ፣ ጉልበቱ ሲዝልና ሆዱ ሲጮኽ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ የት ይበላል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁንና መልሱ እንግዳው በምን እንደ መጣ፣ በየትኛው ቀን እንደ ደረሰና ኪሱ ምን ያህል እንደሚችል ይለያያል። በአውሮፕላን የመጣ፣ በአውቶቡስ የመጣና በእግሩ የመጣ ሰው በአንዲት ከተማ ውስጥ ሦስት የተለያየ ገበያ ይገጥማቸዋል።

በአውሮፕላን የመጣው እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላው ከሚያድርበት ሆቴል ነው። ከአንጋፋዎቹ ሮሃና ሰባት ወይራ ጀምሮ በገደሉ አፋፍ ላይ እስከ ተደረደሩት አዳዲስ ሆቴሎች ድረስ የምግብ ዝርዝሩ እምብዛም አይለያይም። ሾርባ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ስፓጌቲ። ስፓጌቲ ላስታ ተራራ ላይ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን ካመጣቸው ነገሮች መካከል ሰው አሻፈረኝ ሳይል የተቀበለው ይህን ምግብ መሆኑን ማስታወስ ይገባዋል። ዛሬ ፓስታ በስጎ የማይሸጥበት የወረዳ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ችግሩ ስፓጌቲው አይደለም። ባለ ሆቴሎቹ ፈረንጁ በርበሬ አይችልም በሚል ሥጋት አልጫውንም ቀዩንም ወጥ ጣዕም አልባ አድርገው ማቅረባቸው ነው። በሩቅ አገር ገንዘቡን ከፍሎ የመጣ ሰው እቤቱ ከሚበላው ያነሰ ስፓጌቲ በልቶ ሲመለስ፣ ከሆቴሉ ሁለት መቶ እርምጃ ርቃ ያለችው ባለ ሽሮ ቤት ደግሞ አንድም እንግዳ ሳታይ ትውላለች።

ከዚህ ወጣ ያለ ነገር ለማቅረብ የሞከሩም አልጠፉም። አንዲት ስኮትላንዳዊት መምህርት ከአንድ የአገሩ ወጣት ጋር በ2003 ዓ.ም. ገደማ የከፈቱት ቤን አበባ ለዚህ ይጠቀሳል። «ቤን» በስኮትላንዶች አነጋገር ተራራ ማለት ሲሆን፣ ሌላው ቃል የራሳችን ነው። ቤቱ በኮረብታ ላይ ተጠማዝዞ የወጣ፣ ከሩቅ ሲያዩት ምንነቱ ግር የሚያሰኝ ሕንፃ ነው። ከተፈጨ ሥጋና ከድንች የሚሠራውን የስኮትላንድ ምግብ ከኢትዮጵያ ምግብ ጎን ለጎን በማቅረቡ ስሙ በየጉዞ መጽሐፉ ገብቷል። እዚያ የሚወጣው ሰው ግማሹን ዋጋ የሚከፍለው ለምግቡ፣ ግማሹን ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ከእግሩ በታች ለሚያየው ሸለቆ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደግሞም የሚያስቆጭ ክፍያ አይደለም።

የአውቶቡሱ መንገደኛ ግን ሌላ ዘዴ አለው። በጋሸና በኩል 64 ኪሎ ሜትሩን ኮረኮንች ተንገላቶ የገባ ሰው የምግብ ዝርዝር አይጠይቅም፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች የት እንደ ተቀመጡ ነው የሚያየው። ሾፌር የማይቆምበት ቤት ለሌላውም አይሆንም የሚለው የመንገድ ሕግ ላሊበላ ላይም ይሠራል። በእንዲህ ያለው ቤት ረቡዕና ዓርብ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ስልጆ በአንድ ትሪ ይቀርባል። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ በሰናፍጭ የሚቦካ፣ አፍንጫን ሰንጥቆ የሚወጣ የጾም ማባያ ነው። የአዲስ አበባ ሆቴሎች ረስተውታል፤ እዚህ ግን አሁንም የባልትና መለኪያ ነው። በነዚህ ቀናት ጥብስ የሚያምረው እንግዳ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ውጭ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ማታ ደግሞ ጠጅ አለ። ቶርፒዶ በሚል ስም የሚታወቀው ጠጅ ቤት የውጭ አገር የጉዞ መጻሕፍት ሳይቀሩ የሚጠሩት ሲሆን፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ እንግዳውን በስሙ እያነሣ ሲያሞግስና ሲሸነቁጥ ያመሻል። ጠጁ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ተብሎ ይቀርባል። ልማዱን የማያውቅ ሰው ደረቁን እንደ ብርዝ ጨልጦ በማግሥቱ ቤተ ጊዮርጊስን ሳያይ መቅረቱ ያለ ነገር ነው።

ከጠጁ ጀርባ ያለው ገበያ ግን ከጠጁ ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ስትሆን አብዛኛው ማሯ የሚያልቀው በጠጅ ጋን ውስጥ ነው። የላስታ ደጋ አበባ የሚያብበው ክረምቱ ሲያልፍ በመሆኑ ማሩ በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል። ልክ በዚህ ወቅት የጾመ ነቢያት መግቢያ የሆነው ኅዳር 15 ይደርሳል፤ ጠጅ ጣዮቹም ለገና የሚሆነውን ለመጥመቅ ገበያ ይወጣሉ። ገበሬው ለግብርና ለማዳበሪያ ዕዳ ማሩን ቶሎ መሸጥ ይፈልጋል፤ ነጋዴው ደግሞ ጥቂት ወራት ይዞ ለመቆየት አቅም አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚቆመው የላሊበላ ገበያ ላይ ማሩ ከነሰፈፉ ሲመዘን፣ በሻጩና በገዢው መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ይኸው የመታገሥ አቅም ነው። ማር ሲወደድ ጠጁ ውስጥ ስኳር መግባቱም አይቀርም። ጠጪው በማግሥቱ በራስ ምታቱ ያውቀዋል።

እንጀራውስ? ላስታ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና አተር ያበቅላል፤ ቆላው ማሽላ አለው፤ በጉም የታወቀ ነው። ጤፉ ግን ለሆቴሎቹ አይበቃም። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲ ኔት መርሐ ግብር ሲጀመር በሰሜን ወሎ እንደ መቄት ያሉ የደጋ ወረዳዎች መታቀፋቸው መሬቱ ራሱን ለመመገብ እንኳ እንደሚቸገር ይመሰክራል። በመሆኑም እንግዳው ትሪ ላይ ያለው ነጭ እንጀራ ብዙውን ጊዜ በጭነት መኪና የመጣ ነው። መንገድ ሲዘጋ የእንጀራው መጠን ያንሳል፤ ዋጋው ይጨምራል፤ ቀለሙም በማሽላ ድብልቅ ይለወጣል። ለነገሩ ድብልቁን የለመደ ሰው በጤፉ አይለውጠውም።

የመንገድ መዘጋት ነገር ሲነሣ የከተማዋ ምግብ ቤቶች ያለፉበትን ማለፍ አይቻልም። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች በኋላ፣ በተለይም ከ1990ዎቹ ወዲህ ኑሮዋ በእንግዳ ላይ ቆመ። ብዙዎች ከባንክ ተበድረው ሆቴልና ምግብ ቤት ሠሩ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባና አውሮፕላኑ ባዶውን ቀረ። በ2013 መጨረሻ ከተማዋ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቀች፤ በ2014 ኅዳርና ታኅሣሥ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋ በመንግሥት እጅ ስትገባ አየር ማረፊያዋ ተጎድቶ፣ መብራትም ለወራት ጠፍቶ ነበር። ሰላም ሆነ ሲባል በ2015 ክረምት በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ውጊያ ተነሣ፤ የአውሮፕላን በረራም ለጊዜው ተቋረጠ። በላዩ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዶላር ይዞ ለሚመጣ ቱሪስት ምሳው ረከሰ፤ ዘይትና ፓስታ በብር ለሚገዛው ባለ ምግብ ቤት ግን ድስቱ ተወደደ። ቱሪስቱ በሌለበት የምንዛሪው ጥቅም ለማንም አልደረሰም።

በነዚህ ዓመታት ማን ቆመ ቢባል፣ ጠረጴዛ ልብስ ያነጠፈው ሳይሆን ሽሮ የሚያቀርበው ነው። የአካባቢው ሠራተኛ፣ መንገደኛውና ተሳላሚው የሚበላበት ቤት የሚገዛው ከቅዳሜ ገበያ ነው፤ ደንበኛውም ቪዛ አይጠየቅም።

ሦስተኛው እንግዳ፣ በእግሩ የመጣው፣ ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ለገና ከየአውራጃው የሚጎርፈው ሕዝብ ከቱሪስቱ ቁጥር ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሆኖም ለምግብ ቤቶቹ የሚያስገባው ጥቂት ነው። ላሊበሎች የተሳላሚውን እግር አጥበው፣ ካላቸው አካፍለው የማስተናገድ የቆየ ልማድ አላቸው። ይህ በገበያ ሒሳብ ውስጥ የማይገባ ምግብ ነው። ጾሙ እስከሚፈታበት እስከ ታኅሣሥ 29 ንጋት ዶሮውም በጉም በእንጨት ታስሮ ይጠብቃል፤ ዋጋው የሚወጣውም በዋዜማው ነው።

ገነተ ማርያም

ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ፣ በእግር ግማሽ ቀን ያህል ተጉዞ ገነተ ማርያም ይደረሳል። ቤተ ክርስቲያኑ ከቀላ ዓለት በአራቱም ወገን ተለይቶ የተፈለፈለ፣ ዙሪያውን በዓምድ የተከበበ ነው፤ ላሊበላ ላይ ቤተ መድኃኔ ዓለምን ያየ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያውቃል። ያሠራው ይኩኖ አምላክ መሆኑ ይነገራል፤ የንጉሡ ሥዕል ከነጽሕፈቱ በውስጡ ይገኛል። በ1262 ዓ.ም. የዛጔን መንግሥት ያበቃው ንጉሥ በዛጔ አገር፣ በዛጔ አሠራር ማነጹ የታሪክ ምፀት ነው። የግድግዳ ሥዕሎቹም በዕድሜያቸው በአገሪቱ ከቀደምቶቹ የሚቆጠሩ ናቸው።

ለገበያ ገጽ የሚሆነው ጉዳይ ግን የምሳ ሰዓት ነው። በመኪና የሚመጣው እንግዳ ጠዋት ይደርሳል፣ የመግቢያውን ከፍሎ ቄሱ በሩን ይከፍቱለታል፣ ሥዕሉን ያያል፣ ከዚያም ለምሳ ወደ ላሊበላ ይመለሳል። ከአስጎብኚው፣ ከመኪናው፣ ከሆቴሉና ከምሳው ሒሳብ ለመንደሯ የሚቀራት ኢምንት ነው። መንደሯ ለእንግዳ ልትሸጠው የምትችለው ነገር ቢኖር ምሳ ነበር፤ እሱኑ ሌላ ከተማ ይሸጠዋል።

የሚበላ ጠፍቶ አይደለም። እንዲህ ባሉ ትንንሽ የገበያ ከተሞች «ሆቴል» የተባለ ሁሉ አልጋ አለው ማለት አይደለም፤ ወጥና እንጀራ አለ ማለት ነው። በእንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ደጅ ደግሞ ጠላ ቤት ነው። ቀድሞ ለተነገረ ሰው የገብስ ዳቦ፣ ዕንቁላልና ማር፣ በጾም ቀንም ሽሮ ማሰናዳት ለየትኛዋም የላስታ ባለሙያ ሴት አይከብዳትም። የሚጎድለው እንግዳው ይህን አለማወቁና አስጎብኚው ለመናገር ምክንያት ማጣቱ ነው፤ የከተማ ምግብ ቤት ለአስጎብኚ ጉርሻ ሊሰጥ ይችላል፣ የመንደር ጠላ ቤት ግን አትችልም።

ይህ ክፍተት ሊደፈን የማይችል እንዳልሆነ ከላስታ በስተ ደቡብ ያለው የመቄት ደጋ አሳይቷል። ተስፋ በሚል አጠራር የሚታወቀው የማኅበረሰብ ጉብኝት በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር፣ ገበሬዎቹ በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ሠርተው እንግዳውን ራሳቸው አስተናገዱ። ምግቡ ከመንደሩ ነበር፤ ገንዘቡም ለማኅበረሰቡ ገባ። ቆይቶም አሠራሩ ወደ ላስታ ተራሮች፣ 4200 ሜትር ወደሚያልፈው ወደ አቡነ ዮሴፍ ዙሪያ ተስፋፋ።

ባሕር ማዶም ተመሳሳይ አለ። በደቡብ ኢጣሊያ ያለችው ማቴራ እንደ ላሊበላ ከዓለት የተፈለፈሉ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ያሏት ከተማ ናት። በእ.ኤ.አ. 1952 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነዋሪዎቿ ከዋሻዎቹ እንዲወጡ ሲደረግ ድህነቷ የአገር ኀፍረት እስከ መባል ደርሶ ነበር። በ1993 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች፤ በ2019 የአውሮፓ የባህል ዋና ከተማ ሆነች። እንግዳው እዚያ ሲደርስ የሚፈልገው የሮም ምግብ አይደለም። ድሮ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ የጋራ ምድጃ ሲጋግር እንዳይቀላቀልበት በእንጨት ማኅተም የየራሱን ስም ያትምበት የነበረውን የማቴራን ዳቦ ነው የሚጠይቀው። ዳቦው ከ2008 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ስሙ የተጠበቀለት ነው። ሌላው የከተማዋ ምግብ ስንዴና ጥራጥሬ አንድ ላይ የተቀቀለበት፣ የእኛ ሰው ቢያየው ንፍሮ ብሎ የሚያልፈው ነው። የድሃ ምግብ ነበር፤ ዛሬ በሸክላ ሳሕን ቀርቦ በዩሮ ይሸጣል።

በእኛም አገር የትግራይ ነጭ ማርና የወንጪ ማር «ስሎው ፉድ» በተባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ጥበቃ ከሚደረግላቸው ምግቦች መዝገብ ገብተው ስማቸው ከቦታቸው ጋር ተያይዟል። ስሙን ከማር ያገኘው የላሊበላ አገር ግን ማሩን በጥቅምት ርካሽ ሸጦ፣ በታኅሣሥ ውድ ጠጅ ይጠጣል።

ወደ ገነተ ማርያም የሚሄድ እንግዳ ከመነሣቱ በፊት ባለው ቀን መልእክት ልኮ ምሳውን እዚያው ማዘዝ ይችላል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልሆነ ዕንቁላሉን፣ ከሆነም ስልጆውን መጠየቅ ነው። ማሩ በሁለቱም ቀን ይገኛል፤ ዋጋውን ግን ቀድሞ ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ማወቅ ይሻላል።