ሌይ ሪደር ግማሽ ቄስ ነው? እውነት ወይስ ተረት

በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከሻንጣው ጋር ወሬም ይገባል። ለንደን የከረመች ዘመድ፣ «ሴት ቄስ ሰማያዊ ስካርፍ አንገቷ ላይ አድርጋ ስትሰብክ አየሁ» ትላለች። ናይሮቢ ደርሶ የመጣው ደግሞ፣ «አንግሊካኖች ዘንድ የፈለገ ተነሥቶ ይቀድሳል» ብሎ ይጨምርበታል። ሁለቱም ያዩት ነገር አለ። ግን ያዩት ቄስ አይደለም፤ ያ ሰው የቀደሰውም ቅዳሴ አይደለም። ያዩት ሌይ ሪደር ነው፦ ክህነት ሳይቀበል፣ በጳጳስ ፈቃድ ጸሎት የሚመራና የሚሰብክ ምእመን።

«ባለ ሰማያዊ ስካርፏ ቄስ ናት።»

ተረት ነው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሰማያዊው ስካርፍ የሌይ ሪደር መለያ ነው፤ የካህናቱ ጥቁር ነው። ሴቶች ለዚህ አገልግሎት የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ ሴት ቄስ የተሾመችው ግን በ1994 ነው። ስለዚህ ለ25 ዓመት ያህል በዚያች ቤተ ክርስቲያን ሴት ስትሰብክ ያየ ሁሉ የሰማው ከሴት ቄስ አልነበረም።

«የፈለገ ተነሥቶ ያገለግላል።»

ይህም ተረት ነው፤ እንዲያውም የዚህ አገልግሎት ቁም ነገሩ ያለው አጥሩ ላይ ነው። ሌይ ሪደር ይማራል፣ ይፈተናል፣ ከጳጳሱ የፈቃድ ወረቀት ይቀበላል። የጠዋትና የማታ ጸሎት ይመራል፣ መጻሕፍት ያነባል፣ ይሰብካል፤ ሲፈቀድለት ሙታን ይቀብራል፣ ቄስ የባረከውን ቁርባን በማደል ይረዳል። ቁርባኑን ራሱ ግን አይባርክም። ኃጢአትም አይፈታም። ቄስ ወደ ሕዝቡ ዞሮ «እግዚአብሔር ይባርካችሁ» በሚልበት ቦታ ሌይ ሪደሩ «ይባርከን» ብሎ ራሱን ከምእመናኑ ጋር ይቆጥራል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ እኔ ግን የሥርዓቱን ድንበር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም። አጥሩን ለማንሣት የሞከሩም አልጠፉም። የአውስትራሊያው የሲድኒ ሀገረ ስብከት ምእመን ቁርባን ይምራ የሚል ክርክር ለዓመታት ሲገፋ ቆይቷል፤ አብዛኛው የአንግሊካን ዓለም ግን አልተቀበለውም።

«እኛ አናጉንስጢስ የምንለው ነው።»

ከፊል እውነት። አናጉንስጢስም ሥራው ማንበብ ነው፤ ነገር ግን በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ከዲያቆን በታች ያለ የክህነት ማዕርግ ነው፣ ጳጳስ ይሾመዋል። ሌይ ሪደር ማዕርግ የለውም። ለንጽጽር የሚቀርበው ቦሌ መድኃኔ ዓለምን በመሰለ ደብር ጸናጽል ይዞ ማሕሌት የሚቆም፣ ዜማና መጽሐፍ የጠነቀቀ፣ ክህነት ግን የሌለው ሊቅ ነው። እሱም ዕውቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን ወደ መቅደስ ገብቶ አይቀድስም።

«የዘመናችን ፈጠራ ነው።»

አይደለም። በእንግሊዝ ከተሐድሶው በኋላ ካህን ሲጠፋ በ16ኛው መቶ ዘመን ሪደሮች ተመድበው ነበር፤ አገልግሎቱ የዛሬውን መልክ የያዘው ደግሞ በ1866 ነው። ወደ ኋላ ከተሄደ ግን ምሳሌው ከእኛው ዘንድ ይገኛል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደ ጻፈው፣ ፍሬምናጦስ ገና ምእመን ሳለ በአክሱም ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ የጸሎት ቤት እንዲያቋቁሙ ያበረታታ ነበር። ጳጳስ ሆኖ በአትናቴዎስ እጅ የተሾመው ከዚያ በኋላ ነው። አንግሊካኖች ጋምቤላ ላይ የከፈቱትን የነገረ መለኮት ኮሌጅ በስሙ መጥራታቸው የሚገባ ነው።

«ለኢትዮጵያ ባዕድ ነው።»

ይህኛው ተረት ረጅም መልስ ይፈልጋል። ከ1868 የመቅደላ ዘመቻ በኋላ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ከአገር ሲወጡ፣ በቤተ እስራኤል ዘንድ የነበረው የእንግሊዝ ሚሲዮን ሥራ የቀረው በአገሬው ሰዎች እጅ ነው። ከእነርሱ ዋናው በስዊዘርላንድ ተምሮ የተመለሰው ሚካኤል አረጋዊ ነበር፤ በደምቢያ ያነባል፣ ያስተምራል፤ ከወጡት ሚሲዮናውያን አንዱ የሆነው ፍላድ ከአውሮፓ ሆኖ ይከታተላል። አማኙ የሚጠመቀው ግን በኦርቶዶክስ ካህን ነበር፤ ሚሲዮኑ አስቀድሞ የተፈቀደለት በዚህ ስምምነት ነውና። ሌይ ሪደር የሚል የፈቃድ ወረቀት ይኑራቸው አይኑራቸው፣ ሥራው ያው ነው፦ ቃሉ በምእመን፣ ምሥጢሩ በካህን።

ዛሬ ደግሞ ጋምቤላ አለ። ከቦሌ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ፣ በመኪና ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን እዚያ የሰፋችው በአብዛኛው ከሱዳን ጦርነት በሸሹ ሰዎች ነው። በየመንደሩና በየስደተኛ ጣቢያው ያሉት ምእመናን በኑዌር፣ በአኙዋ፣ በዲንካ፣ በኦፖና በማባን ቋንቋ ይጸልያሉ፤ ቄሶቹ ግን ከአጥቢያዎቹ ቁጥር ጋር አይመጣጠኑም። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ከበሮው ሲመታ ከፊት የሚቆመው ብዙውን ጊዜ ሌይ ሪደር ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የጋምቤላው ጳጳስ ከ2020 ወዲህ «የእስክንድርያ» ተብሎ ለሚጠራው የአንግሊካን ግዛት ተጠሪ ነው። (ይህን ስም ሰምቶ ከኮፕቱ ፓትርያርክ ጋር የሚያምታታም አይጠፋምና፣ ሁለቱ አይገናኙም።)

«ቄስ ሲበዛ ሌይ ሪደር ይቀራል።»

ይህን የሚለው ሌይ ሪደርን እንደ ተጠባባቂ ተጫዋች የሚያይ ሰው ነው። በእርግጥ ከእነርሱ መካከል ተምረው ዲያቆንና ቄስ የሚሆኑ አሉ። ግን እንግሊዝ ውስጥ ደብሩ ቄስ እያለውም ሌይ ሪደር ይሰብካል፤ ብዙዎቹም ሌላ ሥራ ይዘው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ፣ ክህነት ያልፈለጉ ሰዎች ናቸው። ጋምቤላም ቢሆን ኑዌርኛ የሚናገር ቄስ ኦፖዎች ዘንድ ሲሄድ ቁርባኑን ይባርካል እንጂ ስብከቱን የሚያደርስለት የአገሩ ሌይ ሪደር ነው።