ኮዬ ፈጬ ቤት ልትከራዩ ነው? ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱን ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። በሥራ ዝውውር ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ፣ ወይም ከመሃል ከተማ ኪራይ የከበዳቸው ሰዎች ኮዬ ፈጬ ቤት አግኝተው "ለጤና እንዴት ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ቤት ስንፈልግ አብዛኞቻችን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ኪራዩ ስንት ነው? ስንት ክፍል አለው? ዛሬ ሦስተኛውን ጥያቄ ልጨምርላችሁ፦ ከቤተሰባችሁ አቅሙ በጣም የሚያንሰው ማን ነው? ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ ሕፃን፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት፣ አስም ያለበት ልጅ? ቤቱ የሚመረጠው በዚያ ሰው ልክ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ዝቅተኛውን የውል ዘመን 2 ዓመት አድርጎታል፤ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም ይላል። ተከራይን የሚጠብቅ ጥሩ ሕግ ነው። ግን 2 ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ በጤና ዓይን እዩት፦ 9 ወር እርግዝና፣ ከዚያ ልጁ የ15 ወር ክትባቱን እስኪወስድ ድረስ። አንድ እርግዝና፣ ወሊድና የሕፃን ክትባት በሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ቤቱን ልታዩ ስትሄዱ የሚከተሉትን አብራችሁ እዩ።

1. ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወዴት ነው የምትሄዱት?

ኮዬ ፈጬ ከመሃል ከተማ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሳይቱ ራሱ ሰፊ ነው፤ "ኮዬ ነኝ" ማለት ብቻውን አድራሻ አይሆንም። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የቱ ነው? ሌሊት ያዋልዳል? በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ያለው የመንግሥት ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፤ ከምታዩት ብሎክ እስከዚያ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በኪሎ ሜትር ሳይሆን በደቂቃ ቁጠሩት።

ለምን ይህን ያህል አጠብቃለሁ? ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ካልታከመ በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ እናትን ሊገድል ይችላል። በዚያ ሰዓት ታክሲ ፍለጋ መጀመር የለበትም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት 939 ናቸው። ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የፕሮጀክቱን ቁጥር፣ የብሎኩን ቁጥርና የታወቀ ምልክት በወረቀት ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ፤ የደነገጠ ሰው አድራሻ ይጠፋበታል።

2. ደረጃው

ሊፍት በሌለው ብሎክ 4ኛ ፎቅ ለወጣት ነፃ ስፖርት ነው። የልብ ድካም ላለባቸው አባት ግን እስር ቤት ሊሆን ይችላል። ከፎቅ መውረድ የከበደው ሰው ቀስ በቀስ ክትትሉን ይተዋል፤ ግፊቱ የሚጨምረውም በዚያን ጊዜ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ካለ ምድር ወይም 1ኛ ፎቅ ፈልጉ፤ ኪራዩ ትንሽ ቢጨምርም ያዋጣል። ግድግዳው ላይ ግን እርጥበትና ሻጋታ መኖሩን እዩ፤ አስም ይቀሰቅሳል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ደግሞ የበረንዳውን መከላከያ በእጃችሁ ነቅንቃችሁ ሞክሩት።

3. ውሃው

ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቁ፦ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? እናንተ ፎቅ ድረስስ ይወጣል? በፈረቃ ከሆነ ማጠራቀም ግድ ነው። የመጠጥ ውሃ ጀሪካን ለብቻው ይሁን፣ ይከደን፤ እጅና ኩባያ አይግባበት። ውሃ አጋር የምትጠቀሙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ ባለው መመሪያ መሠረት ይሁን። የምታፈሉ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል። ስለዚህ መንተክተክ እንደጀመረ አታውርዱት፤ 3 ደቂቃ ይቆይ።

4. መንገዱና እንቅልፋችሁ

ሥራችሁ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ከሆነ ቤቱን እሁድ ከሰዓት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያ ተነስታችሁ ሞክሩት። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። በታክሲ ሰልፍ ምክንያት በየቀኑ ከእንቅልፍ ላይ የሚቀነሰው ሰዓት ለደም ግፊትና ለስኳር ያጋልጣል። የውስጥ ለውስጥ መንገዱንም እዩ። አስፋልት ወይም ኮብልስቶን ካልሆነ በበጋ አቧራ ይኖራል፤ አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ከዋናው ጥርጊያ መንገድ ፈንጠር ያለ ብሎክ ምረጡ።

5. መብራት ሲጠፋ

ጠባብ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ገዳይ ነው። ገዳዩ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰውዬው የተኛ ይመስላል፣ ግን አይነሳም። ከሰል በረንዳ ላይ ብቻ ይቀጣጠል። ለማሞቂያ ብላችሁ መኝታ ቤት ፍጹም እንዳታስገቡ!

6. ከክልል ስትመጡ ይዛችሁ የምትመጡት

• የክትባት ካርድ፣ የእርግዝና ክትትል ካርድ፣ የሕክምና ማስረጃ። ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከእጃችሁ ይሁን።

• የስኳር፣ የግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቢያንስ የ1 ወር። የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከነበራችሁበት ጤና ተቋም የዝውውር ወረቀት ያዙ፤ አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ።

• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ አዲሱ ወረዳ ሄዳችሁ እንዴት እንደሚቀጥል ጠይቁ። ሳትታመሙ!

• ወባ ካለበት አካባቢ የመጣችሁ፣ ከዝውውሩ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከጀመራችሁ "አዲስ አበባ ወባ የለም" ብላችሁ አትዘናጉ። ወባው ከእናንተ ጋር ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ ዓይነት ከወራት በኋላም ያገረሻል። ለሐኪሙ ከየት እንደመጣችሁ ንገሩት፣ ደም ይታያል።

ኮዬ መጥፎ ሰፈር ነው እያልኩ አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ልጅ አሳድጎ በሰላም ይኖርበታል። ግን አንዱ ብሎክ ከሌላው፣ አንዱ ፎቅ ከሌላው ይለያል። የሁለት ቤት ኪራይ ልዩነት ጥቂት ከሆነ፣ አስፋልት አጠገብ ያለውን፣ ዝቅ ያለውን፣ ውሃ የሚያገኘውን ምረጡ። ያቺ የተረፈች ገንዘብ በአንድ ሌሊት የኮንትራት ታክሲ ትሄዳለች።

እናንተስ ኮዬ የምትኖሩ? ውሃው፣ መንገዱ፣ ጤና ጣቢያው በእናንተ ፕሮጀክት እንዴት ነው? የፕሮጀክቱን ቁጥር ጨምራችሁ ጻፉልን፤ ቤት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ እገዛ ነው። ሊዛወር ላሰበ ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

መልካም ቤት፣ መልካም ጤና!